የፈረሰውን ግንብ በዓይን ማቆም

የሰው ልጅ የቀድሞ ዘመን ፍርስራሽ በተመለከተ ጊዜ ዓይኑ ያየውን ብቻ ይዞ አይመለስም። ጣራ ለሌለው ጣራ ያለብሰዋል፤ ለወደቀው በር መዝጊያ ያበጅለታል፤ በደረጃውም ላይ ዘበኛ ያቆማል። ይህ የልቡና ሥራ ግን ከሰው ሰው ይለያያል፤ ብዙ ያነበበው ብዙ ያያል፥ ያላነበበውም ድንጋይ አይቶ ይሄዳል። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ በፍርስራሹና በጎብኚው መካከል አስጎብኚ ቆሞ፥ በበትሩ እያመለከተ «እዚህ ላይ ዙፋን ነበረ፤ በዚያ በኩል ፈረሶች ይታሰሩ ነበር» እያለ ለማያዩት ሲያሳይ ኖሯል።

ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ ይህን የአስጎብኚ በትር በመሣሪያ ለማገዝ፥ አንዳንዶችም እንደሚመኙት ፈጽሞ ለመተካት፥ የተነሣ አንድ ጥበብ አለ። በእንግሊዝኛ ኦግመንትድ ሪያሊቲ ይሉታል። ሰው በስልኩ ካሜራ ወይም ብርሃን በሚያሳልፍ ልዩ መነጽር ወደ አንድ ስፍራ ሲመለከት፥ በፊቱ ባለው እውነተኛ ስፍራ ላይ ኮምፒዩተር የሣለው ምስል ተደርቦ ይታየዋል። ዓይንን ከአካባቢው ፈጽሞ ሸፍኖ ወደ ሌላ ዓለም ከሚያስገባው መሣሪያ የሚለየውም በዚህ ነው፤ ይኸኛው ሰውየውን ከቆመበት መሬት አያነሣውም። እኛም ለዚህ ጽሑፍ ያህል «ተደራቢ ሥዕል» ብለነዋል፤ የተሻለ ስም ያለው አንባቢ ቢኖር አንከራከርም። ልንመረምረው ያሰብነውም ይህ ጥበብ በታሪካዊ ስፍራ በእግር ለሚዘዋወር ሰው እንዴት ሊሰናዳ እንደሚገባው ነው፤ ይልቁንም ምን ማሳየት፥ ምንስ ከማሳየት መታቀብ እንዳለበት ነው።

በ1968 (በዚህ ጽሑፍ ያለው የዓመት ቍጥር ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) አይቫን ሰዘርላንድ የሚባሉ አሜሪካዊ ሊቅ በራስ ላይ የሚጠለቅ መሣሪያ ሠርተው አሳዩ። መሣሪያው ከክብደቱ የተነሣ ከጣራ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ የሚያሳየውም በአየር ላይ የቆመ፥ በመስመር ብቻ የተሣለ ሣጥንና ይህን የመሰለውን ነበር። ስያሜውን ያገኘው ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ፥ በቦይንግ አውሮፕላን ፋብሪካ ይሠሩ ከነበሩት ከቶም ኮዴልና ከዴቪድ ሚዜል እንደ ሆነ ይነገራል። እነዚህ ሰዎች የፈለጉት የአውሮፕላን ሽቦ የሚዘረጋው ሠራተኛ መመሪያውን በሥራው ላይ ተደርቦ እንዲያየው ነበር። እንግዲህ ጥበቡ የተወለደው በቤት ውስጥ ነው፤ ከታሪክም ጋር ዝምድና አልነበረውም።

ወደ አደባባይ የወጣው በ1997 በኒው ዮርክ ከተማ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስቲቨን ፋይነርና ባልደረቦቻቸው ኮምፒዩተሩን በጀርባ በሚታዘል ከረጢት አድርገው፥ የሳተላይት መቀበያና ብርሃን የሚያሳልፍ የራስ መሣሪያ ጨምረው፥ ተሸካሚው በግቢው ውስጥ እንዲዘዋወር አደረጉ። ያን ጊዜ የሚታየው በየሕንፃው ላይ የተንሳፈፈ የሕንፃው ስም ብቻ ነበር። ነገሩ እንደ ተራ የመንገድ ምልክት ሊቈጠር ይችል ነበር።

ዳሩ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1999፥ ፋይነርና ቶቢያስ ሆለረር ጆን ፓቭሊክ ከሚባሉ የጋዜጠኝነት መምህር ጋር ተባብረው በዚያው ግቢ የሠሩት ሥራ የሥዕሉን ነገር ወደ ታሪክ መለሰው። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ካለበት ኮረብታ ላይ የሰፈረው በ1897 ነው፤ ከዚያ በፊት ስፍራው ብሉሚንግዴል የሚባል የአእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ ነበር። ተማሪዎች በየቀኑ የሚረግጡት ሣር ሕሙማን ይመላለሱበት የነበረ መሬት ነው። ከዚያ ሆስፒታል የቀረው አንድ ቤት ብቻ ሲሆን፥ አብዛኛው መንገደኛ ምን እንደ ነበረ ሳያውቅ በአጠገቡ ያልፋል። ሊቃውንቱም የጠፉትን የሆስፒታሉን ሕንፃዎች በነበሩበት ቦታ ላይ በሥዕል አቆሙ። እንዲሁም በ1968 በዚያው ግቢ የተነሣውን የተማሪዎች ዐመፅ፥ ነገሩ በተፈጸመበት ስፍራ ላይ በፎቶግራፍና በድምፅ እንዲታይና እንዲሰማ አደረጉ።

እኛ ይህን ሥራ ከሌሎቹ ሁሉ የምናስበልጠው በመሣሪያው ብልሃት አይደለም። የመረጡት ነገር ዩኒቨርሲቲው ስለ ራሱ ለእንግዳ ሊያወራው የማይወደው ስለ ሆነ ነው። ባለ ሥልጣን ቤቱን ለእንግዳ ሲያሳይ የሚያሳየው ሳሎኑን ነው። እነርሱ ግን ከሣሩ ሥር ያለውን ሕመምና በደረጃው ላይ የነበረውን ጠብ አሳዩ። ተደራቢ ሥዕል የማይታየውን የሚያሳይ ከሆነ፥ ከማይታዩት ነገሮች ሁሉ በጣም የተሰወረው ሰዎች ሆን ብለው የሸፈኑት ነው።

ከ2000 እስከ 2002 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተረዳ አርኬዎጋይድ የሚባል ሥራ በግሪክ አገር በኦሎምፒያ ተሞከረ። የግሪክ፥ የጀርመን፥ የኢጣልያና የፖርቱጋል ባለሙያዎች ተባብረው የሠሩት ነው። ጎብኚው በሄራ ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ ፊት ሲቆም፥ ጥቂት ዓምዶች ብቻ የቀሩት ቤተ መቅደስ ጣራውንና ግድግዳውን ይዞ ይነሣለታል፤ ወደ ስታዲየሙም ሲደርስ ሯጮች ይታዩታል። በጥንት ስፍራ ላይ ለመሣሪያው የሚያገለግል ምልክት መለጠፍ ወይም እንጨት መትከል የተከለከለ ስለ ነበረ፥ ባለሙያዎቹ አንድ ዘዴ ፈጠሩ። ከተመረጡ የመቆሚያ ነጥቦች አስቀድመው ፎቶግራፍ አነሡ፤ መሣሪያውም ካሜራው የሚያየውን ከእነዚያ ፎቶግራፎች ጋር እያመሳከረ ሥዕሉን በልኩ ያስቀምጣል። ይህ የመቆሚያ ነጥብ ነገር ከመሣሪያው እጥረት የተወለደ ቢሆንም፥ ኋላ እንደምናየው ታላቅ ትምህርት ያለበት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ቶሎ ሊነገር ይችላል። በጀርባ ይታዘል የነበረው ሁሉ ተጠቃልሎ በኪስ በሚያዝ ስልክ ውስጥ ገባ። በ2010 የሎንዶን ከተማ ሙዚየም ስትሪትሚዩዚየም የተባለ የስልክ ፕሮግራም አወጣ። መንገደኛው ስልኩን ወደ መንገዱ ሲያነሣ፥ በሙዚየሙ የተከማቸው የዚያው ሰፈር የቀድሞ ፎቶግራፍ በዛሬው መንገድ ላይ ተደርቦ ይታየው ነበር፤ ከነዚህም መካከል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን ቦምብ የተናዱ ቤቶች ይገኙ ነበር። እዚህ ላይ በኮምፒዩተር የተሣለ ሕንፃ አልነበረም። የነበረው በዘመኑ በነበረ ሰው እጅ የተነሣ እውነተኛ ፎቶግራፍ ነው። ከ2017 ወዲህም አፕልና ጉግል ለዚህ የሚያገለግለውን መሠረታዊ መሣሪያ በስልኮቻቸው ስላካተቱት፥ ዛሬ በአንድ ከተማ ያለ ትንሽ ሙዚየም እንኳ ሊጀምረው የሚችል ሥራ ሆኗል።

ሥራው ቀለለ ማለት ግን እንከኑ ሁሉ ተወገደ ማለት አይደለም። መሣሪያው ሥዕሉን በልኩ ለማስቀመጥ ሁለት ነገር ማወቅ ይገባዋል፤ የቆመበትን ስፍራና ፊቱን ያዞረበትን አቅጣጫ። የቆመበትን ከሳተላይት ያገኛል፤ ነገር ግን በስልክ የሚገኘው ልክ ሰማዩ ገላጣ በሆነበት እንኳ ጥቂት ሜትር ይስታል፥ በረጃጅም ግድግዳዎች መካከል ደግሞ ይብስበታል። አቅጣጫውን በውስጡ ካለው ኮምፓስ ያገኛል፤ ኮምፓሱም ብረት ባለበት ይታለላል። በዚህ ላይ የቀትር ፀሐይ የስልኩን ገጽ ያፈዝዘዋል። ካሜራው የሚያየውን ማመሳከር ይህን ብዙ ቢያሻሽለውም፥ ሣር ሲበቅልና ጥላ ሲዞር ማመሳከሩም ይቸገራል። ደግሞም ሰው በሥዕሉና በግድግዳው መካከል ሲያልፍ፥ መሣሪያው ካልለየው በቀር ሥዕሉ በሰውየው ላይ ይሣላል፤ ንጉሡ በተማሪ ሆድ ውስጥ ቆሞ ይታያል። ይህ የሚያስቅ ነው። ዓይኑን በስልኩ ላይ ተክሎ በተሸረሸረ ደረጃ ላይ የሚወርድ ሰው ግን አያስቅም።

ከመሣሪያው እንከን ይልቅ የከፋው የአሳብ ስሕተት ነው። በ2016 ፖኬሞን ጎ የተባለው የስልክ ጨዋታ በወጣ ጊዜ፥ ተጫዋቾች ተደራቢ የሆኑትን አውሬዎች ለመያዝ በአውሽቪትዝ ግቢ ሳይቀር ይዘዋወሩ ጀመር። የአውሽቪትዝ መታሰቢያና በዋሽንግተን የሚገኘው የሆሎኮስት ሙዚየም ይህ እንዲቀር ለመኑ። የጨዋታው ሠሪዎች ያንን ስፍራ ለማዋረድ አስበው አልነበረም፤ ምድር ሁሉ ለሥዕላቸው እኩል ባዶ ሰሌዳ መስሎ ስለ ታያቸው ነው።

የጥንት ሕንፃ ጠባቂዎች ይህን ሁሉ አስቀድመው ያሰቡበት ይመስላል። በ1964 በቬኒስ ተሰብስበው ባወጡት ቻርተር፥ የጥገና ሥራ ግምት ከሚጀምርበት ስፍራ ላይ ሊቆም እንደሚገባው ወሰኑ። ይህን ሕግ ያወጡት ስለ ድንጋይና ስለ ኖራ ነው። ተደራቢ ሥዕል ድንጋይ አይነካም፤ ስለዚህም ብዙዎች ሕጉ አይመለከተውም ይላሉ፥ ስሕተት ቢሆን በማግሥቱ ይደመሰሳልና። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ግምት የሆነ ጣራ በግንብ ላይ ቢሠራ ውሎ አድሮ ያረጀና ይታወቅበታል። ግምት የሆነ ጣራ በአሥር ሺህ ተማሪዎች ዓይን ውስጥ ቢሠራ ግን የሚያፈርሰው አናጢ አይገኝም።

ነገሩ በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር በገዛ አገራችን ልንመዝነው ወደድን። ለሥራ ወደ ጎንደር በሄድንበት ጊዜ፥ ከአንድ የታሪክ መምህርና ከጥቂት ተማሪዎቹ ጋር በፋሲል ግቢ ውስጥ አንድ ቀን አሳለፍን። ስልክ የሚሠራልን ፕሮግራም አልነበረንም፤ የነበረን ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክና የማይለቅ እስክርቢቶ ነው። አንድ ዓይን ጨፍኖ ፕላስቲኩን በክንድ ርቀት ወደ ፍርስራሹ አንሥቶ፥ የጎደለውን በላዩ መሣል ማለት ያለ ኮምፒዩተር ተደራቢ ሥዕል ማለት ነው። ለዚህ የወጣው ገንዘብ ከምሳችን ያነሰ ነበር።

አንባቢ እንደሚያውቀው ጎንደርን በ1636 ገደማ ዋና ከተማ ያደረጉ ዐፄ ፋሲል ናቸው። ርዝመቱ 900 ሜትር በሚሆን ቅጥር ውስጥ፥ እርሳቸውና እስከ እቴጌ ምንትዋብ ድረስ የተከተሏቸው ነገሥታት በየተራ ግንባቸውን አቁመዋል። ስፍራውም በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። የፋሲል ግንብ ራሱ ከነ አራት ማዕዘን ማማዎቹ ቆሟልና በእርሱ ላይ የሚሣል ነገር አላገኘንም። የተማሪዎቹ ዓይን የሄደው ወደ አድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ ነው። ይህ ግንብ በዝሆን ጥርስና በመስተዋት አጊጦ እንደ ነበረ ይነገራል፤ ዛሬ ግን ሰማይ ይታይበታል።

አንዲት ተማሪ በድንጋይ ምልክት አድርገን በመረጥነው ነጥብ ላይ ቆማ ጣራውን ሣለች። በእውነቱ መልካም ሥዕል ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ስትል ግን ጣራው ከግንቡ ላይ ተንሸራትቶ ወረደ፤ የኦሎምፒያ ባለሙያዎች ስለ መቆሚያ ነጥብ ለምን እንደ ተጨነቁ ያን ጊዜ በዓይናችን አየን። መቆሚያ ነጥብ ለሥዕሉ ብቻ አይደለም። ሰውየው መሄዱን ትቶ እንዲቆም፥ ቆሞ እንዲያይ፥ ከዚያም መሣሪያውን ዝቅ አድርጎ በሰላም እንዲሄድ ያደርገዋል።

በግቢው ውስጥ የምናያቸው አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ቀርበው ፕላስቲኩን ተቀበሉንና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያም «እሰይ፥ እጅሽ ይባረክ ልጄ። ጣራውንስ መለስሽው፤ ያፈረሰውንስ የት አደረግሽው?» አሏት። ልጅቱ «አባባ፥ እሱን እንዴት አድርጌ ልሣለው?» ብላ ወደ መምህሯ ዞረች። መምህሩም ወደ እኛ ተመለከቱ።

የሽማግሌው ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ሲከተለን ዋለ። የኢያሱ ግንብ በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጐድቶታል። በ1941 ደግሞ ጎንደር የኢጣልያ ጦር የመጨረሻ ምሽግ በነበረች ጊዜ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በጣሉት ቦምብ ዳግመኛ ተመትቷል። በመካከሉ ያለውም ዘመን ባዶ አይደለም፤ በጠላት ወረራ ጊዜ ግንቦቹ በሲሚንቶ ተጠግነው፥ ኋላ ሲሚንቶ ከጥንቱ የኖራ ሥራ ጋር የማይስማማ ሆኖ ስለ ተገኘ በኖራ መጠገን ተጀምሯል። እንግዲህ ያማረ ጣራ ብቻ ደርበን ብናሳይ፥ መንቀጥቀጡንም፥ ቦምቡንም፥ ሲሚንቶውንም በአንድ ጊዜ ደመሰስናቸው ማለት ነው። ጎብኚው ግንቡ ሙሉ ነበረ፥ አሁን ጐደለ ብሎ ያዝናል፤ ለምን እንደ ጐደለ ግን ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ስለዚህ ከመምህሩ ጋር ተማክረን አንዱን ፕላስቲክ ወደ ሦስት አበዛነው። በአንደኛው ላይ ከ1704 በፊት የነበረውን በተቈራረጠ መስመር ብቻ ሣልን፥ የጣራውን መልክ በእርግጥ አናውቀውምና። በሁለተኛው ላይ የቦምቡን ዓመት ጻፍን። ሦስተኛውን ባዶ ተውነው፤ እርሱ ዛሬ ነው። ተማሪዎቹ ሦስቱን እያፈራረቁ ሲያዩ፥ ከባዶው ፕላስቲክ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ከቀድሞው ይልቅ አተኵረው ይመለከቱት እንደ ነበር ታዝበናል። ተደራቢ ሥዕል የሚሠራ ሰው ይህን ልብ ቢልልን እንወዳለን። የሚታወቀውን በሙሉ መስመር፥ የሚገመተውን በተቈራረጠ መስመር መሣል ለኮምፒዩተር አንዳች ችግር የለበትም፤ ችግሩ ደንበኛው ያማረ ነገር መፈለጉ ነው።

ከግንቦቹ ይልቅ በጣም ያስደሰተን በሮቹ ናቸው። ግቢው 12 በሮች ነበሩት፤ ስማቸው ብቻውን ታሪክ ነው። ወምበር በር የዳኞች ነው፤ ባልደራስ በር የፈረሰኞች አለቃ ነው፤ እምቢልታ በር የሙዚቀኞች ነው፤ ተዝካሮ በር አለ፥ እርግብ በርም አለ። እዚህ ላይ ምን ሥዕል ያስፈልጋል? በእምቢልታ በር የሚያስፈልገው ድምፅ ነው። ሰው ስልኩን በኪሱ አድርጎ በበሩ ሲያልፍ እምቢልታ ቢሰማ፥ ዓይኑ ለድንጋዩ ነፃ ሆኖ ይቀርለታል። ወምበር በር ላይ ደግሞ ከሳሽና ተከሳሽ በቀድሞው ሥርዓት ሲሟገቱ ቢሰማ፥ ከብዙ ቀለም ይልቅ ያ ይበልጣል። ስለ ተደራቢ ሥዕል የሚጽፉ ሰዎች ዓይንን አብዝተው ጆሮን ሲረሱ እናያለን።

ወደ ጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ስንደርስም ሕንፃው አልጐደለም፤ የጐደሉት መጻሕፍት ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ወደ መቅደላ እንደ ወሰዱ፥ በ1868ም የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ወደ አገሩ እንዳሻገራቸው የታወቀ ነው። ዛሬ ከመቅደላ የሄዱት በመቶ የሚቈጠሩ መጻሕፍት በሎንዶን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በዚህ ደጃፍ ላይ ቆሞ ስልኩን የሚያነሣ ተማሪ በምናብ የተሣለ መደርደሪያ ከሚያይ፥ ከነዚያ መጻሕፍት የአንዱን ገጽ እውነተኛ ፎቶግራፍ፥ መጽሐፉ ያለበትን ከተማ ስምና ከዚህ ደጃፍ የሚርቅበትን መጠን ቢያይ ይሻላል። የሎንዶን ሙዚየም የራሱን ፎቶግራፍ በራሱ መንገድ ላይ ደረበ፤ እኛ የምንደርበው ሎንዶን ያለውን ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ደረስን። የኦሎምፒያ ሰዎች ሯጮችን እንደ ሣሉ፥ በጎንደርም የግንቡን ሠራተኞች የሚሥል ሰው መነሣቱ አይቀርም። ሰው ከተሣለ ደግሞ ፊት ያስፈልገዋል። የማን ፊት? «ጎንደርን የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው» የሚለው ወሬ በስንት መጽሐፍ ተጽፎ አይተናል። ዳሩ ግን ዐፄ ፋሲል ከተማዋን የመሠረቱት ኢየሱሳውያንን ከአገር ካስወጡ በኋላ ነው፤ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን በእንፍራዝ አጠገብ የቆመው የጉዛራ ግንብም ከጎንደር ይቀድማል። የሕንድ ግንበኛ ነበረ የሚሉ አሉ። ቤተ እስራኤል በግንበኝነት፥ በአናጢነትና በብረት ሥራ በጎንደር ዘመን የታወቁ እንደ ነበሩ ደግሞ የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። ባለሙያው በስልክ ላይ አንድ ፊት በሣለ ቁጥር ይህን ክርክር ሁሉ ሳይናገር ይፈርደዋል፤ ያውም ለልጆች። መምህሩ የሰጡት ምክር ፊቱን ትቶ እጁንና መዶሻውን መሣል ነው። እኛም ከዚህ የተሻለ አላገኘንም።

የቤተ እስራኤል ነገር ከቅጥሩ ውጭ አወጣን፤ መውጣታችንም መልካም ነበር። የግቢ ጉብኝት ሁሉ በቅጥሩ ውስጥ ተጀምሮ በቅጥሩ ውስጥ ያልቃል። ከተማው ግን ውጭ ነበር። በ1668 በጻድቁ ዮሐንስ ዘመን በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሠፈራቸው እንዲቀመጡ ተወሰነ። ግንቡን ያቆመው እጅ ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ የት ይገባ ነበር? በጭቃና በሣር የተሠራ ቤት እንደ ግንብ ፍርስራሽ አያስቀርም፤ ስለዚህ በድንጋይ ላይ የሚደረብ ሥዕል ሁሉ ሳያስበው ለነገሥታት ያደላል። የዚያ ሠፈር ሰዎች ልጆች አብዛኞቹ ዛሬ በእስራኤል አገር ናቸው፤ በ1984 በሱዳን በኩል፥ በ1991ም በቀጥታ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄደዋል። ይህን ጉብኝት የሚያሰናዳ ሰው ከሥዕል ሠሪው አስቀድሞ ወደነዚያ ሽማግሌዎች ሄዶ አያቶቻቸው ስለ ጎንደር ሥራ ያወሩላቸውን በድምፅ ቢቀዳ፥ ባዶ በሆነው ሠፈር ላይ የሚሰማ ነገር ያገኛል።

ስለ ቃጠሎውም እንዲሁ ነው። ከተማዋን በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ አቃጠሏት፤ በ1888 ደግሞ ደርቡሾች መዝብረው አብያተ ክርስቲያናቷን አነደዱ፤ ከጥፋቱ የተረፈችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ እስከ ዛሬ ትታያለች። አንዱ ተማሪ በስልክ ላይ ነበልባል እንዲታይ ፈለገ። ሌላዋ ግን እሳት በጨዋታ ላይ በጣም ስለ ለመድነው ማንም አይደነግጥለትም አለች፤ ከዚያ ይልቅ በቆምንበት ነጥብ ዙሪያ ያሉት የተቃጠሉ አብያተ ክርስቲያናት ስም አንድ በአንድ እየታየ፥ አንድ በአንድ ቢጠፋ አለች። በዚህ ላይ ሳንስማማ ተለያየን፤ እኛ ግን ወደ ልጅቱ አሳብ እናደላለን።

በመጨረሻ ስለ አስጎብኚዎቹ አንድ ቃል እንናገር፥ እንጀራቸው ነውና። መሣሪያው እነርሱን የሚያስቀር ሆኖ ከተሠራ ሥራ አጥ ከማድረጉም በላይ፥ የማያውቀውን ሲጠየቅ ዝም የሚል አስጎብኚ ተክተን ቀረን ማለት ነው። ከሽማግሌው አፍ የወጣውን ጥያቄ የትኛውም ስልክ አይጠይቅም ነበር። ሥዕሉ በአስጎብኚው እጅ ባለ አንድ ሰፊ ገጽ ላይ ቢታይና እርሱ በወደደው ስፍራ ቢያቆመው፥ ጎብኚው ስልክ ባይኖረውም፥ መረብ ባይኖርም፥ ቋንቋ ባይችልም ይደርሰዋል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ፋሲል መዋኛ ወረድን። ከቀሃ ወንዝ ውሃ የሚገባበት ይህ ገንዳ በዓመት አንድ ጊዜ ለጥምቀት ይሞላል። በሄድንበት ጊዜ ደረቅ ነበር፤ የዛፎቹ ሥሮች በግድግዳው ላይ ተጠምጥመው ይታያሉ። ተማሪዎቹ ፕላስቲኩን አንሥተው ውሃውን ሊሥሉ ሲሰናዱ፥ ያቺ ጣራውን የሣለችው ልጅ «ይህንንስ ተዉት፤ ጥር ላይ መጥተን እናየዋለን» አለቻቸው። እነርሱም እስክርቢቶውን ከደኑ፤ እኛም የዚህን ስፍራ ስም ካሰናዳነው የመቆሚያ ነጥቦች ዝርዝር ሰረዝነው።